ከመጽሐፉ ጀርባ የተጻፈው

ወንድ ከሆነስ?

እማማ ዳሲቱ ይህን ጥያቄ ለማንም ጮክ ብለው ጠይቀው አያውቁም። ምስር ሲለቅሙ፣ የታጠበ ልብስ ሲያጥፉ፣ ከጸሎት ሲመለሱ፣ ጥያቄው ራሱ መጥቶ ከጎናቸው ቁጭ ይላል። ልጃቸው አሰጋሽ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካ በሰርቪስ ስትመለስ እግሯ አብጦ ዳቦ ይመስላል። እማማ ዳሲቱ ጎንበስ ብለው የጫማዋን ማሰሪያ ይፈቱላታል፤ ጠዋት ደግሞ ያስሩላታል። ጎንበስ ባሉ ቁጥር ያ ሆድ ከፊታቸው ይሆናል። ሴት ከሆነች እሰየው። ወንድ ከሆነስ?

«ጤና ጣቢያ በመሣሪያ አይተው ሊነግሩኝ ነበር፤ ተዉኝ አልኳቸው» አለች አሰጋሽ አንድ ማታ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ። «ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ለሰጠኝ፣ ይኼ ነው ያ ነው ልል ነው እንዴ?»

«ደግ አደረግሽ» አሉ እማማ ዳሲቱ። ደግ ይሁን ክፉ ግን አላወቁም። የአሰጋሽ ባል አጥናፉ ጅቡቲ የሚመላለስ ተሳቢ ነው የሚነዳው፤ በየሁለት ሳምንቱ ብቅ ሲል ሆዷን እያየ ያፏጫል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት ፉጨት ተሰምቶ አያውቅም ነበር። እማማ ዳሲቱ ፉጨቱን ሲሰሙ ጓዳ ይገባሉ።

ነገሩ የተጀመረው ግን በሌላ በኩል ነው፤ በመጽሐፍ።

የአሰጋሽ የመጀመሪያ ልጅ ሚራክል አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። መጽሐፍ ትወዳለች፤ ስትበላም ታነባለች። መጽሐፎቿን የምትከራየው ከሀይረዲን ሱቅ ነው። ሀይረዲን የስልጤ ሰው ነው፤ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በሚወስደው መንገድ ዳር ሳሙና፣ ብስኩት፣ ለታሳሪ የሚገባ የፕላስቲክ ሳህን ይሸጣል። ከጀርባው ባለው መደርደሪያ ደግሞ መጻሕፍት ያከራያል። ተራ የሚጠብቅ ጠያቂ ይከራያል፣ ከጥበቃ የወጣ ዘብ ይከራያል፣ ተማሪ ይከራያል። ተከራዮቹ በየገጹ ዳር እየሞነጫጨሩ መጽሐፍ ሲያበላሹበት ጊዜ መላ ፈጠረ፤ ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት በመርፌና በክር ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ጀርባ ሰፋበት። በአናቱም በቀይ እስክሪብቶ «አስተያየት እዚህ ብቻ። ስም አይጻፍም። ደራሲውን መሳደብ ክልክል ነው» ብሎ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ሰዎች መሳደብ ግን አልከለከለም፤ ሰውም ይህን ፈቃድ በሚገባ ተጠቀመበት።

ሚራክል ዓመት ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው መጽሐፍ «የታረመ ዘር» ክፍል ሁለት ነበር። ስለ ዘረመል ምህንድስና የሚያወራ፣ ዘመኑ ገና ወደፊት የሆነ የወጣቶች ልቦለድ። ተራዋ ደርሶ ይዛው ስትገባ ፊቷ በርቶ ነበር።

እማማ ዳሲቱ ደግሞ የልጅቷ መጽሐፍ በእጃቸው ሳያልፍ አያርፉም። ነገሩ ባለጌ እንዳይሆን፣ መንግሥት የሚነካ እንዳይሆን፣ የሰፈሩ የአንድ ለአምስት ሰብሳቢ አይቶ ስብሰባ ላይ እንዳያነሳው። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥረው፣ በማታ እስከ ስድስተኛ ክፍል ዘልቀዋል። መጽሐፍ የሚጀምሩት ከኋላ ነው፤ አስተያየቱ አጭር ነው፣ ውስጡ ምን እንዳለም ቶሎ ያስታውቃል።

መነጽራቸውን አደረጉ።

«ክፍል አንድ ይበልጣል። ደራሲው ቸኩሏል። ደግሞ ያቺ የምትበር መኪና ነዳጇ ሳያልቅ እንዴት ወደቀች?»

ከሥሩ በሌላ እጅ፦ «ወንድሜ፣ በ2090 ዓ.ም. ነዳጅ አለ ያለህ ማነው? አንብብ እንጂ!»

«ዘረመል መነካካት ኃጢአት ነው። የፈጣሪን ሥራ ሰው አያርምም።»

«መነጽርህን አውልቀህ ድገመው።»

«ጠያቂ ነኝ። ከንጋት እስከ ስድስት ሰዓት ተሰልፌ ጨረስኩት። እኔን ከመወለዴ በፊት ቢያርሙኝ ኖሮ ይቺ እዚህ የቆመችው ሴት ማን ትሆን ነበር? እያሰብኩ ተራዬ አለፈ።»

እማማ ዳሲቱ ፈገግ አሉ። ቀጥለው ያነበቡት ግን ፈገግታቸውን ከፊታቸው ላይ አነሳው።

«ከሁሉም ክፉ ዶክተሩ አይደለም። አያትየዋ ናት።»

«ልክ! ያቺ አሮጊት እጄ ላይ ብትወድቅ!»

«ሌላው ቢቀር እንቅልፍ እንዴት ወሰዳት?»

ሚራክል እጇን ታጥባ ስትመጣ መጽሐፉ በአያቷ ጭን ላይ ተዘርግቶ አገኘችው። «አኮ!» አለች። አያቷን በኦሮምኛ አኮ ነው የምትላቸው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ። «ደግሞ ከኋላ ጀመርሽ! ሰው ፊልም ከመጨረሻው ያያል?»

«እኔ ፊልም አላይም። ይቺ አያት ምን አድርጋ ነው ሰው ሁሉ የሚረግማት?»

ሚራክል መሬት ላይ ተቀመጠች። መጽሐፍ ተርኪ ማለት ለእሷ ግብዣ ነው። «ስሚ። በዚያ ዘመን ልጅ ሳይወለድ በፊት ዘረመሉን ያስተካክሉለታል። በሽታ የሚያመጣውን ይነቅሉና ደህናውን ይተክላሉ፣ እንደ ችግኝ በይው። ግን እያንዳንዱ ቤተሰብ የዘሩን መዝገብ ማምጣት አለበት፤ ማን በምን ሞተ፣ ማን ምን ነበረበት። የባለታሪኳ የዜና አያት ሁለት ወንድሞች ነበሯት፣ በልጅነታቸው ልባቸው ቀጥ ብሎ የሞቱ። ዘራችን ይነቀፋል ብላ ስማቸውን ከመዝገቡ ፋቀችው።»

«ፋቀችው።»

«ፋቀችው! ሐኪሞቹ ሳያውቁ አለፉት። የዜና ወንድም ተወለደ፤ በሰባት ዓመቱ ኳስ እየተጫወተ ድፍት አለ። ከዚያ ጥፋቱ በማን ላይ እንደተለጠፈ ታውቂያለሽ? መሣሪያውን ይቆጣጠር በነበረው ሰውዬ! ሥራውን ቀሙት፣ ቤቱን በድንጋይ ደበደቡት። እሷ ቁጭ ብላ ታያለች!»

እማማ ዳሲቱ ያልተለቀመውን ምስር ከተለቀመው ጋር ቀላቀሉት። «ምናልባት... ፈርታ ይሆናላ።»

«ማንን?»

ማንን። እማማ ዳሲቱ ሰፌዱን አንስተው ነፋ ነፋ አደረጉት። «እኔ ምን አውቃለሁ። መጽሐፉን ያነበብሽው አንቺ።»

በማግስቱ ሚራክል ጠዋት ትምህርት ቤት ሄደች። መጽሐፉ አልጋዋ ላይ ነበር፤ ከሰዓት ልትመልሰው ነው። እማማ ዳሲቱ አልጋውን ሊያነጥፉ ገብተው እጃቸው ወደ መጽሐፉ ሄደ። ከመጨረሻው አስተያየት ሥር አዲስ መስመር ተጨምሯል፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ። እስክሪብቶውን የገዙላት እሳቸው ናቸው።

«ይህችን አያት ይቅር የሚል ሰው ቤቱ ውስጥ ሕፃን ሞቶበት አያውቅም።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

ሕፃኑ ኤባ ይባል ነበር። የሚራክል ታናሽ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ በተወለደ በስምንተኛው ቀን፣ ጎረቤታቸው አቶ ዱጉማ ገረዘው። አቶ ዱጉማ ጡረታ የወጣ የሐኪም ቤት ድሬሰር ነው፤ የሰፈሩን ወንድ ሁሉ የገረዘው እሱ ነው፣ አንድም ልጅ አልተጎዳበትም። የኤባ ደም ግን አልቆም አለ። በጨርቅ ያዙት፣ አልቆመም፤ ሐኪም ቤት ሮጡ፣ ሐኪሞቹም የሆነውን ሳይደርሱበት በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ አረፈ። ሰፈሩ «የዱጉማ እጅ ነው፣ አርጅቷል፣ ጠጥቶ ነበር» አለ። ጠጥቶ አያውቅም። አጥናፉ አንገቱን ሲያንቀው ሰው ገላገለ። በእድር ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ «እጄ አልሳተም» ብሎ ማለ፤ የሰማው የለም። ከዚያ ወዲያ ማንም ልጁን ወደ እሱ አልወሰደም።

እጁ እንዳልሳተ ከሰው ሁሉ ለይተው የሚያውቁት እማማ ዳሲቱ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ኩምሳ ተገርዞ ነው የሞተው፣ ደሙ አልቆም ብሎ። ታናሽ ወንድማቸው ሮሪሳ እንደ ኩምሳ እንዳይሆን ቢላ ሳይነካው አድጎ፣ በሰባት ዓመቱ ጥርሱ ተነቅሎ እዚያው አቃቂ ወንዝ ዳር ካለው ጎጆ ውስጥ ሦስት ቀን ደምቶ ሞተ። የእናታቸው ወንድምም እንዲሁ። ሴቶቹን አይነካም፤ ወንዶቹን ይወስዳል። እናታቸው ዳሲቱን ለብቻ ጠርታ «ወንድ ስትወልጂ ቢላ አታስነኪው፤ ለሰው ግን እንዳትናገሪ፣ የሚያገባሽ ታጪያለሽ» አለቻቸው። እሳቸው ወንድ አልወለዱም። አሰጋሽን ብቻ። እና ረሳሁት ብለው ኖሩ።

ኤባ በተወለደ ቀን ግን ረስተውት አልነበረም። ስምንቱንም ቀን ያስታውሱት ነበር። እያንዳንዱን ቀን «ዛሬ እናገራለሁ» ብለው ነው የነቁት። አጥናፉ «ይህን ደብቃችሁ ነው የዳራችሁልኝ?» ብሎ አሰጋሽን ቢያባርራትስ? ምናልባት ይኼኛው ይለፈው። ምናልባት እርግማኑ ከወንድሞቼ ጋር ተቀብሯል። እንዲህ እያሉ ስምንተኛው ቀን ደረሰ።

ከሁሉ የከፋው ኋላ የመጣው ነው። በአርባው ቀን አቶ ዱጉማ በር ላይ ጠብቋቸው፣ ባርኔጣውን አውልቆ «ዳሲቱ፣ ይቅር በይኝ። እኔ አልሳትኩም ብዬ ነበር፤ አሁን እኔም ራሴን አላምንም» አለ። እሳቸው ምን አሉ? «እግዚአብሔር ይቅር ይበልህ» አሉት። አሉት! ከዚያ ቀን ጀምሮ በደጁ ሲያልፉ መንገድ ይሻገራሉ፤ እሱ ደግሞ ከተሻገሩም በኋላ ባርኔጣውን ያነሳላቸዋል።

የሚራክል አረንጓዴ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ነበር። እማማ ዳሲቱ ከጎኑ ያለውን ሰማያዊ መረጡ። ለዚያች ለመጽሐፉ አያት አንድ ሰው መቆም አለበት ብለው ነው የጀመሩት፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

«እኔም አንባቢ ነኝ» ብለው ጻፉ። «እናንተ ልጆች ስለሆናችሁ መርገም ይቀልላችኋል። ያቺ ሴት ክፉ ሆና አይደለም። እናቷ አትናገሪ ብላታለች። ሴት ልጇን ሽማግሌዎች ሊጠይቁ ሲመጡ ‹በዘራችሁ የሚያሰጋ በሽታ አለ ወይ› ብለዋል፤ እሷ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ባሏ ‹የለም› አለ፣ እሱም አያውቅ። ወጥታ ‹አለ› ብትል ልጇ ከደጅ ትመለሳለች፣ ፀጉሯን ተሠርታ አዲስ ልብስ ለብሳ ቁጭ ብላለች። ዝም አለች። የልጅ ልጇ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ተገረዘ። ለአራሷ የተሠራው ገንፎ ሳይበርድ ጨርቁ ቀላ። ሦስት ቀን ፈሰሰ። ያኔም ዝም አለች፤ ያኔ አፏን ብትከፍት የቆየውን ዝምታ ሁሉ መናገር ሊሆንባት ነው። እንቅልፍ እንዴት ወሰዳት ላላችሁት፣ አልወሰዳትም።»

ጽፈው ጨረሱ። መልሰው አነበቡት። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሽማግሌ የለም። ግርዛት የለም። ገንፎም የለም። የመጽሐፉ ልጅ የሞተው ኳስ ሲጫወት ነው!

ሊገነጥሉት ያዙት። የሀይረዲን ክር ግን ጠንካራ ነው፤ በዚያ ላይ ለገጾቹ ቁጥር ሰጥቷቸዋል። ወረቀቱን እንደያዙ የግቢው በር ተንኳኳ፤ ሚራክል ከትምህርት ቤት ሮጣ ገባች። «አኮ፣ መጽሐፌን አይተሻል? ሀይረዲን ሰው እየጠበቀው ነው ብሎኛል!» ከእጃቸው ወስዳ፣ ጉንጫቸውን ስማ፣ ሄደች።

የሚያነበው ጠያቂ ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ከወለጋ የመጣ፣ ከጎንደር የመጣ፣ ታሳሪውን አይቶ ወደ አገሩ የሚመለስ። ማን ያውቀኛል?

ያን ሳምንት ግን እህል አልወረደላቸውም። አሰጋሽ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ስትላቸው «ጨጓራዬ ነው» ይላሉ። በአሥረኛው ቀን ክብሪት ልግዛ ብለው ወደ ሀይረዲን ሱቅ ወጡ። ቤት ውስጥ ሦስት ክብሪት ነበር።

«እማማ ዳሲቱ! እንደምን አሉ? ክብሪት ብቻ ነው?»

«ክብሪት። ደግሞ... ያ የልጅቷ መጽሐፍ አለ? ክፍል ሁለቱ?»

ሀይረዲን ሳቀ። «አጃኢብ ነው! እርስዎም ሳይንስ ጀመሩ?»

«ለልጅቷ ነው እባክህ።»

«ልጅቷማ በየቀኑ ናት። ሳትከራይ ከኋላ ብቻ አንብባ እብስ! ‹የአስተያየት ኪራይ ልጀምርብሽ ነው› እላታለሁ፣ አትሰማኝም።» መጽሐፉን ከባንኮኒው ሥር አወጣ። «አሁንማ መደርደሪያ ላይ አላስቀምጠውም። አንድ ሰው ጽፎበታል፣ ምን ልበልዎ፣ ከመጽሐፉ ይበልጣል። መልስ የሚጽፈው በዝቶ ሁለት ወረቀት ሰፋሁበት። እዚያ አግዳሚው ላይ አረፍ ብለው ይዩት፣ ኪራይ የለውም።»

አግዳሚው ላይ ሁለት ሴቶች ስንቃቸውን አቅፈው ተራ ይጠብቁ ነበር። ጠጋ አሉላቸው። እማማ ዳሲቱ መነጽራቸውን አደረጉ።

«መጽሐፉ ውስጥ ግርዛት የት አለ? ገጽ ይጠቀስ!»

«አንተ ደግሞ፣ ገጽ ይላል! ሰው እያለቀሰ የጻፈው መሆኑ አይታይህም?»

«ዘብ ነኝ። ሰው ሁሉ ‹አላደረግሁም› ሲለኝ ነው የምውለው፤ ለዚያ መልስ አለኝ። ‹አደረግሁ› ለሚል ሰው ግን ምን እንደምል አላስተማሩኝም። እናቴ፣ እግዜር ይርዳዎ።»

«በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ንጹሕ ሰው ተከሷል። በእርስዎ ታሪክስ የተከሰሰ የለም? ስለ እሱ ለምን አልጻፉም?»

እዚህ ላይ እማማ ዳሲቱ ዓይናቸውን ከወረቀቱ አነሱ። አንዷ ሴት «መጥፎ ዜና ነው እትዬ?» አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ቀጠሉ።

«የነርስ ተማሪ ነኝ። እርስዎ የጻፉት በሽታ አለ፤ ስምም አለው። በሴት በኩል ይተላለፋል፣ በወንድ ላይ ይወጣል። እርግማን አይደለም፤ ያስተላለፈችውም ሴት ጥፋት የለባትም። ጥፋቱ አለመናገሩ ነው። ሐኪም አስቀድሞ ካወቀ አወላለዱን ይጠነቀቅበታል፣ ሕፃኑን ይመረምረዋል፣ እስከዚያ ምላጭ አያስነካውም። እንዲህ ሆነው ያደጉ አይቻለሁ። በቤተሰቡ ውስጥ አሁን እርጉዝ ካለች ዛሬ ይንገሯት። እባክዎ ነገ አይበሉ።»

ያድጋል። እማማ ዳሲቱ ይህችን መስመር ሦስት ጊዜ አነበቧት። ዕድሜ ልካቸውን መናገር ልጃቸውን ከማዋረድ በቀር ምንም አይፈይድም ብለው ነበር የኖሩት። የእግዜር ቁጣ ነው፣ ቁጣን ደግሞ ማን ያክማል ብለው። ኤባ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ይሆን ነበር ማለት ነው? እዚህ አስፋልት ላይ ኳስ ሲጫወት መኪና እንዳይገጨው እየጮሁ ይጠሩት ነበር?

ከሁሉም በታች፣ ለብቻዋ፣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ነበረች።

«ያ ሕፃን ስሙ ማን ነበር?»

ጽሕፈቱን አወቁት። የተጻፈችውም ለእሳቸው እንደሆነ ገባቸው። መጽሐፉን ዘግተው ተነሱ፤ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ተመለሱ።

«ሀይረዲን ልጄ፣ እስክሪብቶ አለህ?»

«እርስዎም ሊጽፉ ነው? ጉድ ነው ዛሬ! ደራሲውን እንዳይሳደቡብኝ ብቻ።»

ቆመው፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ጻፉ። «ኤባ።» ዝቅ ብለው ደግሞ፣ «የገረዘው ሰው ጥፋት የለበትም። እጁ አልሳተም። አውቅ ነበር።» ክብሪታቸውን ረስተው ሄዱ።

ያን ማታ ሊናገሩ ነበር። አሰጋሽ ግን ከፋብሪካ ደክማ መጥታ ሳትበላ ተኛች። በማግስቱ የማታ ፈረቃ ነበረች። በሦስተኛው ቀን እንግዳ መጣ። ለእያንዳንዱ ቀን ምክንያት ተገኘ፤ እንደዚያን ጊዜዎቹ ስምንት ቀኖች።

እሑድ ከሰዓት አሰጋሽ እረፍት ነበረች። ግድግዳውን ተደግፋ ለሚወለደው ልጅ ያስቀመጠችውን አሮጌ ካልሲ እየመረጠች «ይቺ የኤባ ነበረች፣ ታስታውሺያታለሽ?» አለች፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስሙን እንዲህ እንደዋዛ ጠርታው አታውቅም ነበር። እማማ ዳሲቱ አፋቸውን ከፈቱ። በዚያው ቅጽበት ሚራክል ገባች፤ መጽሐፉን ይዛለች።

«እማ፣ ይኼን አንብቢው። ከኋላ ነው።»

«አቦ ሚራ፣ ዓይኔ ደክሟል። ንገሪኝ።»

«እኔ አልነግርሽም። አንብቢው።»

«ሚራክል!» አሉ እማማ ዳሲቱ። ልጅቷ ዞር ብላ አየቻቸው። ዓይኗ ያለቀሰ ዓይን ነበር።

«ጽሕፈትሽን የማላውቀው መሰለሽ አኮ? ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ደብተሬ ላይ የምትፈርሚው አንቺ ነሽ። ገንፎውን ደግሞ አስታውሰዋለሁ። ሰባት ዓመቴ ነበር። የበላሁት እኔ ነኝ፤ ሁሉም ሲሮጥ እኔ ቁጭ ብዬ በላሁት።» መጽሐፉን ለእናቷ ዘረጋች። «አንቺው ራስሽ ትነግሪያታለሽ ብዬ አራት ቀን ጠበቅሁሽ።»

አሰጋሽ ከአንዷ ወደ ሌላዋ አየች። መጽሐፉን ተቀበለች። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር፤ ልጅ ሆና ፊደል ስታጠናም እንዲሁ ነበረች። እማማ ዳሲቱ የት እንደደረሰች ከከንፈሯ ይከተሏት ነበር። ሽማግሌዎቹ ጋ ደረሰች። ፀጉሯን የተሠራችው ሙሽራ ጋ ደረሰች፣ ራሷ ጋ። ገንፎው ጋ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ። እጇ ሳታውቀው ሆዷ ላይ አረፈ። ገለጠች። ዘቡን አለፈች፣ የነርስ ተማሪዋ ጽሑፍ ላይ ረጅም ጊዜ ቆየች፣ ከዚያ የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች አነበበች።

«እማዬ።»

«አቤት ልጄ።»

«ዱጉማ... አጥናፉ አንገቱን ሲያንቀው አንቺ እዚያ ነበርሽ።»

«ነበርኩ።»

«ውኃ አቀበልሽኝ። እኔ ‹እጁን ይቁረጠው› እያልኩ ስረግም አንቺ ‹አሜን› አልሽ።»

እማማ ዳሲቱ ይህን ረስተውት ነበር። ወይም ረሳሁት ብለው ነበር። «አልኩ» አሉ። «አልኩ ልጄ። አጥናፉ እንዳይፈታሽ ብዬ... እኔ ለአንቺ ብዬ...» ለአንቺ ብዬ ያሉት ነገር አፋቸው ውስጥ እንደ አፈር ሆነባቸው፤ ተዉት። «ለእኔ ብዬ ነው» አሉ። «እናቴ ገደለችው እንዳትዪኝ ብዬ ነው።»

አሰጋሽ ካልሲዎቹን ወደ ጎን አደረገች። ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ከቁም ሳጥኑ ውስጥ የእርግዝና ክትትል ካርዷን አወጣች፤ መጽሐፉ ውስጥ፣ የነርስ ተማሪዋ የጻፈችበት ገጽ ላይ አስገባችው። ነጠላዋን ወሰደች። ጫማዋ በር ሥር ነበር።

እማማ ዳሲቱ እንደ ልማዳቸው ከፊቷ በርከክ አሉ፤ ማሰሪያውን ሊያስሩላት እጃቸውን ዘረጉ። አሰጋሽ ያበጠውን እግሯን ቀስ ብላ ሳበችው። አልገፋቻቸውም፤ ሳበችው ብቻ። በርጩማው ላይ ተቀመጠች፣ በዚያ ሆድ ላይ እንደምንም ጎንበስ አለች፣ ሦስት ጊዜ ሞክራ ሁለቱንም ጫማ ራሷ አሰረች። ሚራክል ልትረዳት አልተንቀሳቀሰችም። እማማ ዳሲቱ እንደተንበረከኩ ቀሩ።

ከዚያ አሰጋሽ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ ወጣች። የግቢው በር ክፍት ስለቀረ መንገዱ ይታያል። ወደ ላይ፣ ወደ አስፋልቱ፣ ጤና ጣቢያው ነው፤ እሑድ ግን ከሰዓት ዝግ ነው። ወደ ታች አንድ ደጅ ብቻ አለ፤ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀሐይ የሚሞቅበት። አሰጋሽ ወደ ኋላዋ ሳትዞር ወደ ታች ሄደች።